የዘር ሊቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

በአገራችን ገበሬ ቤት ለምግብ የሚሆነው እህልና ለዘር የሚቀመጠው እህል አይቀላቀሉም። የዘሩ እህል ከምርቱ ሁሉ ተመርጦ፣ ነቀዝና እርጥበት እንዳያገኘው ለብቻው ይቀመጣል። ክረምቱ ከብዶ ጎተራው ባዶ ሲሆን እንኳ እናት ልጆቿን ጎመን እየቀቀለች ታሰነብታቸዋለች እንጂ እጇን ወደ ዘሩ ቶሎ አትሰድም፤ ዘሩን የበላ ሰው የሚመጣውን ዓመት እንደ በላ ታውቃለችና።

ትምህርት ቤታችን የሚገኝበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድር ዛሬ በሕንፃና በአስፋልት ተሞልቷል። ይሁን እንጂ ላፍቶና ለቡ፣ ጀሞና ሐና ማርያም የእህል ማሳ የነበሩበትን ጊዜ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ያስታውሱታል። ማሳው ሲጠፋ በማሳው ላይ ይዘራ የነበረው ዘር ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ይዘን መጻሕፍት ስናገላብጥ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያንኑ ጥያቄ አንግቦ በበቅሎ አገራችንን ያቋረጠ አንድ የውጭ አገር ሊቅ አገኘን። እርሱም ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የተነሣነው፣ ታሪኩ ስለ ዕውቀትም፣ ስለ ረኃብም፣ ስለ እውነትም የሚያስተምር ስለ ሆነ ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ስናነሣ ለይተን እናመለክታለን።

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተ ሰብ ወጥቶ በትጋቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለመሆን የበቃ ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም በኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ ሆኗል። ኒኮላይ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1891 በሩሲያ አዝመራው ጠፍቶ ብርቱ ረኃብ ሆነ። በዚያ አገር ረኃብ በየጊዜው የሚመላለስ ጠላት ነበረ፤ የነጋዴው ልጅ ንግዱን ትቶ የእርሻ ትምህርትን መምረጡም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፣ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን ስለ ዘር ውርስ የሚያጠናውን አዲስ ዕውቀት በ1905 ጄኔቲክስ ብሎ የሰየመው ሰው ነው። የዚህ ዕውቀት መሠረት የተጣለው በአንድ ገዳም አጸድ ውስጥ ነበረ። ግሬጎር ሜንዴል የሚባለው መነኩሴ አተር እያዳቀለ፣ የወላጆች ባሕርይ ወደ ልጆች የሚተላለፈው እንደ ውኃና ወተት ተደባልቆ ሳይሆን እንደ ጠጠር እየተቆጠረ መሆኑን በ1866 ጽፎ ነበር። ለ34 ዓመት ያህል ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ በ1900 ግን ሥራው እንደገና ተገኝቶ ዓለምን አስደነቀ። እነዚያን ጠጠሮች ነው ዛሬ ጂን የምንላቸው።

ቫቪሎቭ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ለዘር ስብሰባ ወጣ። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። እዚያም በ1920 በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ዝናውን የመሠረተለትን ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዘር የሚዛመዱ ዕፅዋት የባሕርያቸው ልዩነት ተመሳሳይ መሥመር ይከተላል። ጥቁር ፍሬ በአንዱ እህል ከታየ በዘመዱም ይጠበቃል፤ ዛላው ጺም የሌለው አንድ ዓይነት ከተገኘ፣ በዘመዱ ውስጥም ጺም የሌለው ዓይነት መፈለግ አለበት። ዛሬ የጂን ተመራማሪዎች በአንድ ፍጡር ያወቁትን ጂን በዘመዱ ውስጥ ሲፈልጉ በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት።

በ1921 ወደ ፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ ወደ ተባለችው ከተማ፣ ተጠርቶ የዕፅዋት ጥናት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ያ ዓመት በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ሕዝብ በረኃብ ያለቀበት ዓመት ነበረ። ቫቪሎቭም ያን ጊዜ አንድ ዓላማ በልቡ ቆረጠ፤ ይኸውም ብርድን፣ ድርቅንና በሽታን የሚችል እህል ለማዳቀል፣ አስቀድሞ በዓለም ያለውን የእህል ዘር ሁሉ ፈልጎ፣ ሰብስቦና ለይቶ ማኖር ነው። ከዓመት ወደ ዓመትም በአምስት አህጉሮች እየዞረ ዘር ለቀመ። እንቅልፉ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታል።

በ1926 የሰብል ዕፅዋት የተገኙባቸውን አገሮች የሚያመለክት መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሰብል ዓይነቱ እጅግ የበዛበት አገር የዚያ ሰብል ጥንተ መገኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። በዚህ አሳብ የዓለምን ካርታ ሲያጠና ዓይኑ ከአንድ ተራራማ አገር ላይ ዐረፈ። ያቺም አገር ኢትዮጵያ ነበረች።

ወደ አገራችን የመጣው በ1927 መጀመሪያ ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ነበረ፤ አልጋ ወራሹም ራስ ተፈሪ መኰንን ነበሩ። ቫቪሎቭ ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍሮ ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ሐረርንም አይቶ ወደ አዲስ አበባ ዘለቀ። ራስ ተፈሪ በክብር ተቀብለው አነጋገሩት፤ በሩሲያ ስለ ተደረገው አብዮትም ብዙ ነገር ጠየቁት። የጉዞ ፈቃድም ስለ ሰጡት፣ በቅሎዎች ጭኖ ሰዎች አስከትሎ ወደ ሰሜን ተነሣ። በሸዋ ደጋ በአንኮበር፣ በዓባይ መነሻ አገር፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል አልፎ አስመራ ገባ።

ይህን መንገድ ለመገመት የፈለገ ሰው የዘመኑን ኢትዮጵያ ያስብ። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ድልድይ ጥቂት ነው፤ ከደጋ ወደ ቆላ አንድ ቀን ሲወርዱ ሌላውን ቀን ደግሞ ሲወጡ መዋል ነው። ቫቪሎቭ ግን መንገዱን እንደ መከራ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ያነበው ነበር። በየደረሰበት ማሳና ገበያ ከስንዴው፣ ከገብሱ፣ ከማሽላው፣ ከምስሩና ከተልባው ናሙና ይወስዳል። የወሰደውንም በከረጢት አድርጎ የቦታውን ስምና የተገኘበትን ሁኔታ ይጽፍበታል። ይህ የጽሑፍ ምልክት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከየት እንደ መጣ ያልተጻፈበት ዘር አባቱን እንደማያውቅ ልጅ ነው፤ ምን ዓይነት ብርድ ወይም ድርቅ እንዳሳደገው ማንም ሊናገር አይችልም።

በአገራችን ያየው የእህል ብዛት አስደነቀው። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ብቻ ነጭ፣ ቀይና ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ ተደባልቆ ይበቅል ነበር። የመኮሮኒና የፓስታ ስንዴ የሚባለው ዱረም ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጺም ቀጥ ያለ ሹል ነገር ማውጣቱ የታወቀ ነው። ቫቪሎቭ ግን ጺም የሌለው ዱረም ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ አገኘ። በሳራቶቭ የተናገረው አሳብ በሐበሻ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ ምስክር ሆነው። ጤፍን፣ ኑግንና እንሰትን የመሰሉ፣ በሌላው ዓለም ያልተለመዱ ሰብሎችንም አጥንቷል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለዓለም የሰብል ዕፅዋት መገኛ ከሆኑት አገሮች አንዷ መሆኗን ጻፈ፤ አገራችንም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ስም ትታወቃለች።

ስለ እውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር አለብን። ቫቪሎቭ ገብስና ዱረም ስንዴ ዓይነታቸው በአገራችን ስለ በዛ፣ እዚሁ የተገኙ መስሎት ነበር። የኋላ ሊቃውንት በቁፋሮና በጂን ጥናት እንዳረጋገጡት ግን ገብስና ስንዴ አስቀድሞ የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ቤታቸው ናት። ጤፍና እንሰት፣ ኑግና ቡና ግን ያለ ክርክር የእኛው ናቸው። እንግዳ ሆኖ የመጣውን ገብስ በሺህ ዓመታት ድካም ከብርድና ከድርቅ፣ ከበሽታና ከጭንጫ መሬት ጋር ያላመደው፣ ለቆሎው፣ ለበሶውና ለጠላው እየለየ ያበዛው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ሊቁ በመነሻው ቢሳሳት እንኳ በሀብቱ አልተሳሳተም።

ቫቪሎቭ የሰበሰበው የእህል ዘር ብቻ አልነበረም፤ ሊቃውንትንም ይሰበስብ ነበር። አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር በ1922 ሩሲያን ሲጎበኝ የፍራፍሬ ዝንብ ዓይነቶችን ይዞ ሄዶ ነበር። በ1933 ደግሞ በቫቪሎቭ ግብዣ ተመልሶ ሄዶ እስከ 1937 በዚያ ሠራ። አንባቢ ዝንብ ለሊቃውንት ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። የፍራፍሬ ዝንብ በጠርሙስ ውስጥ ትረባለች፤ ምግቧ ጥቂት ነው፤ በዐሥር ቀን ገደማ ከእንቁላል ወደ ሙሉ ዝንብነት ትደርሳለች። በሰው ላይ መቶ ዓመታት የሚፈጀውን የትውልድ ጥናት በእርሷ ላይ በጥቂት ወራት መፈጸም ይቻላል። እንደ እርሷ ያሉት፣ አይጥን፣ እርሾንና አራቢዶፕሲስ የምትባለውን ከጎመን ወገን የሆነች ትንሽ አረም የመሳሰሉት፣ ለሌሎች ሕያዋን ጥናት አርአያ የሚሆኑ ፍጡራን ናቸው። ሙለር በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

በ1940 የቫቪሎቭ መሥሪያ ቤት የሰበሰበው ዘር 250,000 ናሙና ያህል ደርሶ ነበር፤ በዘመኑ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ በሊቁ ላይ ጥቁር ደመና እያንዣበበ ነበር። የስታሊን መንግሥት በግድ ባቋቋመው የጋራ እርሻ ምክንያት ምርቱ ወድቆ ስለ ነበር፣ ፈጥኖ የሚደርስ መፍትሔ ይፈለግ ነበር። አዲስ የእህል ዓይነት በትክክለኛው መንገድ ለማዳቀል ግን ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ግን በጥቂት ዓመታት ተአምር እንደሚሠራ ተናገረ። ጂን የሚባል ነገር የለም፤ ዘሩን በብርድና በእርጥበት በማሠልጠን ባሕርዩን መለወጥ ይቻላል እያለ ያስተምር ነበር። ማስረጃው ደካማ ነበረ፤ ወዳጆቹ ግን ብርቱዎች ነበሩ።

ቫቪሎቭ መጀመሪያ ላይ ለዚህ ሰው ደግ ሆኖ ረድቶት ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ሐሰት መሆኑን ሲረዳ፣ ዝም ማለት ደኅንነት እንደሚያስገኝለት እያወቀ ዝም አላለም። በሞስኮ በ1937 ሊደረግ የታሰበው የዓለም የጄኔቲክስ ጉባኤ ተሰረዘ። በ1939 በኤዲንብራ በተደረገው ጉባኤ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ተመርጦ ሳለ ከአገሩ እንዳይወጣ ተከለከለ። ሊሴንኮ ግን በ1938 የእርሻ ሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን በቼርኒቪትሲ አካባቢ ዘር ሲሰበስብ ዋለ። ማታ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ባልደረቦቹ የተወውን ከረጢት ሲፈቱ፣ በዚያ ቀን የለቀመውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። በ1941 የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በማግሥቱ ዓመት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በእስር ቤትም ሆኖ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ ግን ጠፍቶ ቀረ። አብረውት ለታሰሩትም ያውቀውን ዕውቀት ያስተምር ነበር። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት መንምኖ በ55 ዓመቱ ሞተ። ስሙን ያስጠራ አሳብ ባቀረበባት በዚያችው ከተማ፣ ሰው እንዳይራብ ዕድሜውን የፈጀው ሊቅ በረኃብ አለቀ።

ያን ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበረች። ከበባው 872 ቀን ቆየ፤ ሕዝቡም በረኃብና በብርድ ያልቅ ነበር። በቫቪሎቭ መሥሪያ ቤት ግን ሩዝ፣ ስንዴ፣ ምስርና ኦቾሎኒ በከረጢት በከረጢት ተደርድሮ ነበር። ሠራተኞቹ አለቃቸው የት እንዳለ እንኳ አያውቁም። ዘሩን ከአይጥና ከብርድ እየጠበቁ፣ ራሳቸው ግን አንድ በአንድ ወደቁ። የሩዙ ዘር ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች መካከል በረኃብ ሞተ፤ ከሩዙ ግን አልበላም። ይህን ስናነብ ከጽሑፋችን መጀመሪያ ያነሣናት እናት ትዝ አለችን። እርሷ የቤቷን ዘር እንደምትጠብቅ፣ እነርሱም የዓለሙን ዘር ጠበቁ። ከዚያ ዘር ውስጥ ከአገራችን ማሳ የተወሰደው ይገኝበት ነበር።

ሊቁ ከሞተ በኋላም የዘር ውርስ ትምህርት በሶቪየት ኅብረት በ1948 ፈጽሞ ተከለከለ። እውነት ግን ብትቀበርም አትበሰብስም። በ1955 ቫቪሎቭ በደል እንደሌለበት ተፈረደለት፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሊሴንኮ ሥልጣን ወደቀ፤ የሌኒንግራዱ ተቋምም በቫቪሎቭ ስም ተጠራ።

የቫቪሎቭ ሥራ ለዛሬው ዘመን ምን ይሰጣል? ይህን ለመግለጽ የአገራችንን የጥንት ትምህርት ምሳሌ እናድርግ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪ አስቀድሞ ንባብ ይማራል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ወደ ትርጓሜ ቤት ይገባል። ንባቡን አጥርቶ የሚያነብ ሁሉ ትርጓሜውን ያውቃል ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ሕያው ፍጡር ሴል ውስጥም በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ አለ፤ ጂኖም ይባላል። የገብስ ጂኖም አምስት ቢሊዮን ያህል፣ የዳቦ ስንዴ ደግሞ አሥራ ስድስት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። መሣሪያዎች ፊደሎቹን ማንበብ ተምረዋል፤ ንባቡ ግን ያለ ቃል ክፍተትና ያለ አራት ነጥብ የተያያዘ ነው። ጂኑ ከየት ይጀምራል? የት ያበቃል? ሥራውስ ምንድን ነው? ይህን መርምሮ በኅዳጉ መጻፍ የትርጓሜው ሥራ ነው።

ትርጓሜውም እንደ አንድምታ ተደጋግሞ ይታረማል። የአራቢዶፕሲስ ጂኖም በ2000 ተነብቦ ሲወጣ 25,498 ጂኖች እንዳሉት ተቆጥሮ ነበር፤ በኋላ ግን አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ቁጥሩ ከ27,000 በላይ ሆነ። በእርሷና በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የተገኘው ዕውቀት፣ የሚጠኑት ዘሮችና ዝንቦችም ጭምር፣ በተለየ መዝገብና ጎተራ ተቀምጦ ለተመራማሪዎች ሁሉ ይታደላል። ጤፋችንም ተራው ደርሶት በ2014 በስዊስ በበርን ዩኒቨርሲቲ በሚሠሩት በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራ ቡድን ጸደይ የተባለውን ዓይነት አንብቧል። በ2020 ደግሞ ዳቢ የተባለው ጤፍ በሌሎች ተመራማሪዎች በተሻለ ጥራት ተነብቦ 68,255 ጂኖች ተመዘገቡለት። ስለ ጤፍ ጂን ገና ያልተጠናው ብዙ ስለ ሆነ፣ ትርጓሜው በአመዛኙ የተጻፈው በደንብ ከተጠኑት ዘመዶቹ ጋር እየተነጻጸረ ነው። የሳራቶቭ አሳብ እዚህም አለ።

ዳሩ ግን ንባብና ትርጓሜ ያለ ዘሩ ከንቱ ናቸው። አንድ ቫይረስ የገብስን ቅጠል ቢጫ አድርጎ ተክሉን ሲያቀጭጭ፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበ ገብስ ቢፈትኑ፣ በሽታውን የቻለው ሁሉ ለማለት ይቻላል ከኢትዮጵያ የሄደ ነበር። በ1937 እና በ1938 ከአገራችን ከተወሰደ ገብስ ውስጥም፣ በቅጠል ላይ እንደ ነጭ ዱቄት የሚነሰነሰውን በሽታ የሚከላከል የጂን ዓይነት ተገኝቶ፣ ከ1979 ጀምሮ የአውሮፓን ገብስ ሲጠብቅ ኖሯል። ያን ጂን በማሳው ያቆየው ገበሬ ስሙ በመዝገብ የለም።

ይህንኑ ሀብት በአገር ውስጥ ለመጠበቅ በ1976 የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት መርተውታል፤ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ማዕከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ከ60,000 በላይ ናሙናዎችም በጎተራው ይገኛሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ዘሩን ለመብላት በተገደደ ጊዜ የእንዲህ ያለው ጎተራ ጥቅም ለሁሉ ግልጽ ሆኗል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሁላችንም ቫቪሎቭን አንሆንም፤ በቅሎ ጭነንም አህጉር አናቋርጥም። ነገር ግን በየቤታችን ከገጠር የመጡ አያቶች አሉን። ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ገብስ፣ የነጩንና የሰርገኛውን ጤፍ ጠባይ፣ የትኛው ዘር ለየትኛው መሬትና ለየትኛው ዝናብ እንደሚስማማ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ጠይቀን ብንጽፈው፣ ከየት እንደ መጣም ብናመለክት፣ የትርጓሜውን ሥራ በአቅማችን ጀመርን ማለት ነው። ሰው ሲያልፍ ያልተጻፈው አብሮት ያልፋልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚበልጠው ትምህርት ሌላ ነው። ሊሴንኮ ቶሎ የሚያስጨበጭብ ነገር ተናገረ፤ ቫቪሎቭ ዘግይቶ የሚያበላ ነገር ሠራ። ያኛው በሕይወቱ ተሾመ፤ ይኸኛው በእስር ቤት ሞተ። ሆኖም ዛሬ በምርምር ማሳ የሚዘራው ማን የሰበሰበው ዘር እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። እኛም በፈተና ወረቀትም ሆነ በኋላ በምንሾምበት ሥራ፣ እውነቱ ሲከብድና ሐሰቱ ሲቀልል፣ ከሩዙ ከረጢት አጠገብ ተርቦ የሞተውን ሰው እናስብ።